ሰፈራችሁ መሃል የንግድ ሕንፃ ሊሠራ ሲል፦ ለአዳማ የድሮ ሰፈር ነዋሪዎች የአሠራር መመሪያ

«አጠገባችን ያለው ግቢ ተሸጠ። በቆርቆሮ ታጠረ። ሆቴል ነው የሚሉ አሉ፤ ገበያ ማዕከል ነው የሚሉም አሉ። ምን እናድርግ?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኛው የሚመጣው ከአዳማ የቆዩ ሰፈሮች ነው፤ በተለይ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ። ጠያቂው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። የሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ደብዳቤ ሳረቅ፣ ማኅተም ሳስመታ፣ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ። «ሕንፃ አንፈልግም» የሚል አቤቱታ ሩቅ አይሄድም። «ለመኖሪያ በተመደበ ቦታ ላይ ይህ ፈቃድ በየትኛው ፕላን ተሰጠ?» የሚል አቤቱታ ግን የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ መመለስ አለበት። ልፋታችሁ ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በማስረጃ ለመጠየቅ ይሁን።

ጊዜም ወሳኝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። አጥር ብቻ ከታጠረ ከደረጃ 1 ጀምሩ። ኤክስካቫተር ከገባ ግን ዛሬውኑ ደረጃ 3ን ሥሩ፤ ከዚያ ወደ 1 ተመለሱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ኮፒ፤ የቀበሌ ቤት ከሆነ የኪራይ ውል ወይም የኪራይ ደረሰኝ
- የእያንዳንዱ ፈራሚ መታወቂያ ኮፒ
- ገጹ ቁጥር ያለው ጠንካራ መዝገብ፣ ለቃለ ጉባኤ
- ካሜራ ያለው ስልክ፣ ሜትር፣ እርሳስ
- ትንሽ ጀሶ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ)
- ሁለት ክላሰር፤ አንዱ ለዋናው ሰነድ፣ አንዱ ለኮፒ
- በአፋን ኦሮሞ ጥሩ አድርጎ የሚጽፍ ሰው
- ለኮፒ፣ ለትራንስፖርትና ለፎቶ ማሳጠቢያ የሚሆን መዋጮ፣ ከነደረሰኙ

ደረጃ 1፦ ወሬውን ወደ መረጃ ቀይሩ

መጀመሪያ ቦታውን በትክክል ለዩ። ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የቤት ቁጥሩ፣ አዋሳኞቹ በአራቱም አቅጣጫ። «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ግቢ» የሚል አቤቱታ መዝገብ ቤት ውስጥ ማንም አያገኘውም።

ቀጥሎ ሥራው የት እንደደረሰ እወቁ። የግንባታ ጉዳይ በአብዛኛው በቅደም ተከተል ነው የሚሄድ። ባለይዞታው መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ያሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር ይጣጣማል የሚል ማረጋገጫ፣ ይጠይቃል። ቀጥሎ ዲዛይኑን አስገብቶ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። ከዚያ ነው ቁፋሮ የሚመጣው። ፕላን ስምምነት ላይ ያለን ነገር ማስቆምና ሦስተኛ ወለል ላይ የደረሰን ማስቆም አንድ አይደሉም። ደረጃውን ካላወቃችሁ የትኛውን በር እንደምታንኳኩም አታውቁም።

አጥሩ ላይ የሥራ ሰሌዳ ካለ ፎቶ አንሱ። የፈቃድ ቁጥር፣ የተቋራጩ ስም፣ የወለሉ ብዛት ሊኖረው ይችላል። ሰሌዳ ከሌለም «የለም» ብላችሁ ቀኑን መዝግቡ።

*ተጠንቀቁ፦* ግቢው ውስጥ አትግቡ። ጥበቃውንም አትጣሉ። ከመንገድ ላይ የሚታየው ይበቃችኋል። አጥር ዘሎ የተገኘ ጎረቤት አቤቱታ አቅራቢ መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ፕላኑን በጽሑፍ ጠይቁ

አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲኖራቸው ያዛል። መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማውን መሬት አጠቃቀም በጥቅሉ ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላኑ፣ ባለሙያዎቹ ኤልዲፒ የሚሉት፣ ወደ ሰፈራችሁ ወርዶ ምን ያህል ከፍታ፣ ምን ዓይነት አገልግሎት፣ መንገዱ ስንት ሜትር የሚለውን ይዘረዝራል። ስለዚህ ወደ ከተማው ፕላን ቢሮ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦

ሀ. ይህ ቦታ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት ተመድቧል? ለመኖሪያ፣ ለቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አንድ ላይ) ወይስ ለንግድ?

ለ. ለሰፈሩ የጸደቀ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ ወይ? ካለ ከፍተኛው የወለል ብዛት ስንት ነው?

ሐ. የአገልግሎት ለውጥ ተፈቅዶ ከሆነ መቼ፣ በማን፣ በየትኛው ደብዳቤ ቁጥር?

እነዚህን በቃል አትጠይቁ። እኛ መጀመሪያ በቃል ጠየቅን። አንድ ቢሮ ውስጥ «አይዟችሁ፣ ምንም የተሰጠ ፈቃድ የለም» ተባልን። ደስ ብሎን ተመለስን። ከወራት በኋላ ቁፋሮው ሲጀመር ያንን የነገረን ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል፤ የነገረንን የሚያስታውስም አልነበረም። ያባከንነው ጊዜ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ለጠየቀ ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ደብዳቤያችሁ ላይ ይህን አዋጅ ጥቀሱ። ያኔ የቆጠራው ቀን ደብዳቤው ገቢ ከሆነበት ዕለት ይጀምራል። ካልተመለሰላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የምታሳዩት ማስረጃ አላችሁ።

አሁን መልሱ መጣ እንበል። ቦታው «መኖሪያ» ከሆነና ፈቃዱ የንግድ ከሆነ ዋናው ነጥባችሁ ተገኘ። «ቅይጥ» ወይም «ንግድ» ከሆነስ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሕንፃውን ጨርሶ ማስቀረት ይከብዳችኋል። ግን ያኔም ነገሩ አላለቀም። ጥያቄያችሁ ወደ ከፍታው፣ ወደ ጎርፉ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው፣ ወደ ጄኔሬተሩ ይዞራል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ሰፈሩን የማይሆን ተስፋ ይዞ ከመሄድ ያድነዋል።

ደረጃ 3፦ ቁፋሮ ሳይጀመር ቤታችሁን መዝግቡ

የድሮ ሰፈር ቤቶች ብዙዎቹ ጭቃ ናቸው፤ መሠረታቸውም ጥልቀት የለውም። ከአጠገባቸው ለምድር ቤት የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር አፈሩ ይለቃል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያኔ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ስንጥቁ የቆየ ነው»። ይህን መልስ አስቀድማችሁ ዝጉት።

1. እያንዳንዱን ግድግዳ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሱ። በቅርብ ስታነሱ ሜትር አጠገቡ ያዙ።
2. ያለውን ስንጥቅ አትደብቁ። ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ጫፉን ምልክት አድርጉ፣ ቀኑን ጻፉበት።
3. ስንጥቁ ላይ ጣት በሚያህል ስፋት ጀሶ አግድም ለጥፉ። ቀኑን ጻፉበት። ጀሶ ደርቆ ሲቆይ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። ከተሰበረ ስንጥቁ አዲስ እንቅስቃሴ እንዳለው ያሳያል።
4. የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ያለበት አጭር ቃለ ጉባኤ ጻፉ፦ በዚህ ቀን በዚህ ቤት ይህን ያህል ስንጥቅ አየን።
5. ፎቶዎቹን ቢያንስ ሁለት ሰው ስልክ ላይ አስቀምጡ። የዋናዎቹን ህትመት ክላሰር ውስጥ አስገቡ።

ለአዳማ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ፤ ጎርፍ። ከተማችን በኮረብታዎች የተከበበች ናት። ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ግቢ ዛፍና አፈር ያለው ሲሆን ከዝናቡ የተወሰነውን ይመጠዋል። ዳር እስከ ዳር ኮንክሪት ሲለብስ ግን ውሃው ሁሉ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጥል ወጥታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ውሃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚያልፍ፣ ቦዩ እስከየት እንደሚሞላ ይታይ። አንድ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ከአሥር ገጽ ደብዳቤ በላይ መሐንዲሱን ያሳምናል። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። የፕላን ሰዎችን ፊት ሲለወጥ ያየሁት ጎርፉን ስናሳያቸው ነው።

ደረጃ 4፦ ሰፈሩን ሰብስቡ

በእድር ጀምሩ። ሁሉም ሰው ያለበት፣ ስም ዝርዝር ያለው፣ ሊቀመንበሩ የሚከበር እሱ ነው። ግን ጉዳዩን የእድሩ ጉዳይ አታድርጉት፤ የእድሩን ገንዘብም ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ አትንኩ። በእድሩ በኩል ሰው ጥሩ፤ ኮሚቴውን ለብቻው አቋቁሙ።

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። አንዲት ጸሐፊ ወይም አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ ቢያንስ አንድ የቀበሌ ቤት ተከራይ፣ ቢያንስ አንድ ወጣት፣ ቢያንስ ሁለት እናቶች። እናቶች ለምን? ቀን ሰፈር የሚውሉት እነሱ ናቸው። መኪና ስንት ሰዓት ድንጋይ እንዳራገፈ፣ ማን መጥቶ ልኬት እንደለካ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የግል ባለይዞታና የቀበሌ ቤት ነዋሪ ጉዳይ ይለያያል። በድሮ ሰፈሮች ብዙ ቤቶች ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ጀምሮ በመንግሥት እጅ ያሉ ናቸው። ባለ ካርታው መብቱን የሚያስረዳው በይዞታው ነው፤ ተከራዩ በኪራይ ውሉና በኑሮው ነው። አንዳንድ ተከራይ ደግሞ ምትክ ቤት ቢሰጠው ደስ ይለዋል። ይህን በስብሰባው ላይ በግልጽ ተነጋገሩበት። ማንንም አስገድዳችሁ አታስፈርሙ። ከሃያ የተሸማቀቁ ፊርማዎች አሥር የማይናወጡ ፊርማዎች ይሻላሉ።

ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ ሰዎች ስም፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ ይኑር። የፊርማ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ የአቤቱታው ርዕስ ይደገም። ርዕስ የሌለው የፊርማ ገጽ «ለሌላ ነገር የተሰበሰበ ነው» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

*ተጠንቀቁ፦* የባለሀብቱን ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም የትውልድ ቦታ የሚነካ አንድም ቃል በስብሰባም በቴሌግራም ግሩፕም እንዳይነገር። የሚናገር ሰው ካለ ወዲያው አስቁሙት። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያስቀይም ነገር ማንንም አይጠቅምም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። አቤቱታችሁ ስለ ፈቃድ ነው፤ ስለ ሰው አይደለም።

ደረጃ 5፦ ቅርስነቱ ካለ አስመዝግቡ፤ ግን አስባችሁበት

«ሰፈራችን ታሪካዊ ነው» ማለትና «የተመዘገበ ቅርስ ነው» ማለት ይለያያሉ። ሕጉ የሚጠብቀው ሁለተኛውን ነው። መሠረቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ቅርሶች በብሔራዊና በክልላዊ ደረጃ የሚመደቡበት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ነው።

በር የምታንኳኩት በከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ ወደ ክልሉ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ አድራሻ፣ መቼ እንደተሠራ የሚታወቅ ከሆነ፣ በምን እንደተሠራ፣ ማን እንደኖረበት፣ ምን እንደተለወጠ፣ አራት ፎቶ። የአዛውንቶችን ቃል በድምፅ ቅዱ፤ ከዚያ በጽሑፍ አስፈርሟቸው። ያረጀ ፎቶግራፍ፣ የድሮ የኪራይ ደረሰኝ፣ የባቡር ሠራተኛ መታወቂያ፣ ሁሉም ይጠቅማል።

እዚህ ጋ የማልደብቃችሁ ነገር አለ። ቤታችሁ ከተመዘገበ በኋላ እናንተም እንደፈለጋችሁ አታፈርሱትም፤ ጥገና ስትፈልጉም ቀድማችሁ ፈቃድ መጠየቅ አለባችሁ። ጣሪያው የሚያፈስ፣ ልጆቹ ክፍል መጨመር የሚፈልጉ ባለቤት ይህን ሳያውቅ ፈርሞ በኋላ ቢያማርር ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ባለቤቱ በደንብ ገብቶት ራሱ ይወስን።

ምዝገባ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ኤክስካቫተሩን ያስቆምልኛል ብላችሁ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። ማመልከቻው ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤ ግን ለደረጃ 6 አባሪ ይሆናችኋል።

ደረጃ 6፦ አቤቱታውን ጻፉ

የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ አስገቡ፤ የአማርኛውን ቅጂ ለሰፈሩ ሰው አስቀሩ። በአማርኛ ብቻ ያስገባ ሰው «አስተርጉማችሁ አምጡ» ተብሎ ቀን ያባክናል።

ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ። አጻጻፉ ይህን ይመስላል፦

> ቀን፦ …
>
> ለአዳማ ከተማ የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠው ጽሕፈት ቤት
>
> ጉዳዩ፦ በ… ክፍለ ከተማ፣ … ወረዳ፣ የቤት ቁጥር … ላይ የተጀመረው ግንባታ ከፕላን ጋር መጣጣሙ እንዲጣራልን ስለመጠየቅ
>
> እኛ ስማችን በአባሪው የተዘረዘረው ነዋሪዎች ልማትን አንቃወምም። ነገር ግን ከላይ በተጠቀሰው ቦታ በ… ቀን ቁፋሮ መጀመሩን አይተናል። በ… ቀን በደብዳቤ ቁጥር … በተሰጠን መልስ መሠረት ቦታው ለመኖሪያ የተመደበ ነው።
>
> ስለዚህ፦ 1ኛ) ፈቃዱ ከጸደቀው ፕላን ጋር መጣጣሙ እንዲጣራ፣ 2ኛ) ማጣራቱ እስኪያልቅ ሥራው እንዲቆም፣ 3ኛ) የጎርፍ መውረጃና የአጎራባች ቤቶች ደኅንነት በባለሙያ እንዲታይ፣ 4ኛ) ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠን እንጠይቃለን።
>
> አባሪ፦ … ገጽ
>
> ግልባጭ፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት፤ ለከተማው ምክር ቤት፤ ለክፍለ ከተማው፤ ለወረዳው

የጥያቄዎቹ ቁጥር አራት የሆነው በምክንያት ነው። አንዱን ቢከለክሏችሁ ሌላው ይቀራል። አራተኛውን ፈጽሞ አትተዉት፤ የጽሑፍ ውሳኔ ከሌላችሁ ይግባኝ የምትሉበት ነገር የላችሁም።

የሕግ መሠረት ለመጥቀስ ብዙ አትድከሙ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባችሁን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንድትሰጡ የመጠየቅ መብትን ይሰጣሉ። ሁለቱ ይበቃሉ። ሌላ አዋጅ ስትጠቅሱ ማሻሻያ ወጥቶለት እንደሆነ ጠበቃ ያይላችሁ።

ስታስገቡ ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱ ላይ መዝገብ ቤት «ገቢ» ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስፍር። ያለዚህ ደብዳቤው አልገባም ብላችሁ ቁጠሩት። ደብዳቤውን ለኃላፊው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ፣ ወይም በሚያውቁት ሰው በኩል መላክ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ለማለት ያመቻል።

ደረጃ 7፦ ከባለሀብቱ ጋር ቁጭ በሉ

አቤቱታው ገቢ ከሆነ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሁን። ከዚያ በፊት ከሆነ ቡና ጠጥታችሁ፣ ቃል ተሰጥቷችሁ ትበተናላችሁ። በኋላ ሲሆን ግን እሱም የሚደራደርበት ምክንያት አለው።

ቢያንስ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። የምትጠይቁትን በቁጥር ያዙ፦ ከሕንፃው ወደ አዋሳኝ አጥር ስንት ሜትር፣ ስንት ወለል፣ ጄኔሬተሩ በየት በኩል፣ የመኝታ ክፍላችሁን የሚያይ መስኮት እንዳይኖር፣ መኪና ማቆሚያው ግቢው ውስጥ እንዲሆን፣ ድንጋይ የሚራገፍበት ሰዓት፣ የጎርፉ ቦይ ወዴት እንደሚወጣ፣ ቤት ቢሰነጠቅ ማን እንደሚጠግን። የተስማማችሁበትን በውል ጻፉ፤ ምስክር ይፈርምበት።

*ተጠንቀቁ፦* ከኮሚቴው ማንም ሰው ለብቻው አይገናኝ። ስጦታ፣ የሥራ ቃል፣ «ለእድሩ ድንኳን እገዛለሁ» የሚል ነገር ከመጣ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብና ጉዳዩ እስኪያልቅ ይቆይ። ሰፈር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 8፦ መልስ ካልመጣ ወደ ላይ ውሰዱት

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እንዳይሆንባችሁ መንገዶቹን ለዩ።

የፈቃዱ ጉዳይ፦ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ እንዲኖር፣ በሹሙ ውሳኔ ላይ ይግባኝ የሚሰማ ቦርድም እንዲቋቋም ይላል። አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሏቸዋል። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ከፍተኛው ምድብ፣ ምድብ ሐ ውስጥ ነው። ምድቡን ጠይቁ። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር ከባለሙያ የሚጠበቀው ዲዛይንና ቁጥጥርም ይጨምራል፤ ጉድለቱን የምታገኙት እዚያ ነው።

የአካባቢ ጉዳይ፦ ፕሮጀክቱ ትልቅ ከሆነ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶለት እንደሆነ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያመለክታል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብክለትን የሚመለከት ከሆነ፣ ለምሳሌ የፍሳሽ ወይም የጄኔሬተር ጭስ፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ30 ቀን መልስ ካልመጣ ወይም መልሱ ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህ አንቀጽ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ትልቅ ነገር ነው፤ ካርታ የለህም ተብለው አይመለሱም።

የአሠራር በደል፦ ደብዳቤ አልመልስም ያለ ቢሮ ካለ የሕዝብ እንባ ጠባቂ። የከተማው ምክር ቤት አባላችሁንም አትርሱ፤ ግልባጩን በእጁ ስጡት።

ቤታችሁ ራሱ ለልማት ይነሳ ተብሎ ከሆነ ግን ያ ሌላ መንገድ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የራሱ የአቤቱታ ሥርዓትና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ትእዛዙ በደረሳችሁ ሳምንት ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ ከዚህ አቤቱታ ጋር አትደባልቁት።

ደረጃ 9፦ ፍርድ ቤት

እዚህ ያለ ጠበቃ አትግቡ። ጠበቃው ጋ ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠይቁ ይኑራችሁ።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት የሆነ ሰው በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በንዝረት ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው፤ ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ክሱ እስኪወሰን ሥራው እንዲቆም ዕግድ የሚጠየቀው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 ነው። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲከስ አንዱ ሌሎቹን ወክሎ የሚቀርብበት ደግሞ ቁጥር 38 ነው። ክላሰራችሁን አሳዩት። የጀሶው ፎቶ፣ የገቢ ማኅተሙ፣ ቃለ ጉባኤው ሲኖር ጠበቃው ሥራውን ከግማሽ ይጀምራል፤ ክፍያውም ሊቀልላችሁ ይችላል።

ዕግድ ስትጠይቁ ፍርድ ቤቱ ማስያዣ ሊያዝዝ ይችላል። ገንዘቡን ማን እንደሚያዋጣ ከመሄዳችሁ በፊት ተስማሙ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

*መጀመሪያ ሰልፍ ማሰብ።* ሰልፍ መብት ነው፤ ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሰነድ ሳይኖር የወጣ ሰልፍ የሰፈሩን ትዕግሥት ይጨርሳል፤ መልስም አያመጣም።

*ፌስቡክ ላይ «ጉቦ በልተው ነው» ብሎ መጻፍ።* ማስረጃ ከሌላችሁ በስም ማጥፋት የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ማስረጃ ካላችሁ ደግሞ ቦታው ፌስቡክ አይደለም።

*ዋናውን ሰነድ ለቢሮ መስጠት።* ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳዩ፣ ይዛችሁ ተመለሱ።

*ሁሉንም ነገር አንድ ደብዳቤ ውስጥ መጨመር።* የውሃ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የኮብልስቶን ጉዳይ ሌላ ቀን ይጻፍ።

*ሁሉን ሥራ አንድ ሰው ላይ መጣል።* ጸሐፊው የታመመ ዕለት ጉዳዩ ይቆማል። የቀጠሮ ቀን መቁጠሪያው ሁለት ሰው ጋ ይኑር።

*ሥራው «ታገደ» ሲባል መበተን።* የዕግድ ደብዳቤ ከወጣ በኋላ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ሥራ የሚጀመርበት ጊዜ አለ። ተራ ገብታችሁ ተከታተሉ፤ ፎቶ ከነሰዓቱ አንሱና በማግስቱ ጠዋት ለቢሮው አሳውቁ።

አንድ የመጨረሻ ሥራ ይቀራችኋል። መዋቅራዊ ፕላን የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ ይከለሳል። በክለሳው ወቅት ነዋሪ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ ይጠራል፤ በፕላኑ ካርታ ላይ የሰፈራችሁ ቀለም ከመኖሪያ ወደ ንግድ የሚለወጠውም እዚያ ነው። የአሁኑ ፕላን መቼ እንደጸደቀ ከደረጃ 2 መልስ ላይ አንብቡ፣ የሚከለስበትን ዓመት ክላሰሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉ፣ ክላሰሩንም ለሚቀጥለው ጸሐፊ በፊርማ አስረክቡ።